ስለ ልዩ የምግብ መደብሮች፣ ስለ ማራችንና ስለ ቅቤያችን

ሰው ሁሉ ይበላል፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ምግቡን ከአንድ ዓይነት ቦታ አይገዛም። በትልልቅ ከተሞች ውስጥ ሁሉን ነገር ቀላቅለው ከሚሸጡት ሱቆች የተለዩ፣ ጥቂት የምግብ ዓይነት ብቻ መርጠው፣ አጥርተውና አሳምረው የሚሸጡ መደብሮች አሉ። አንዱ ቡና ብቻ ይቆላል፤ አንዱ አይብና ቅቤ ብቻ ይሸጣል፤ ሌላው ማርና ቅመም ያቀርባል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህ መደብሮች ምን እንደ ሆኑ፣ በውጭ አገርና በአዲስ አበባ እንዴት እንደ ተጀመሩ በአጭሩ ካመለከትሁ በኋላ፣ ነገሩ በቆሰበርና በአካባቢዋ ለምንኖረው ለእኛ ምን ትምህርት እንደሚሰጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «የከተማ ሀብታሞች የሚገበዩበት መደብር ለእኛ ምናችን ነው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ቅርብ ነው። በዚያ መደብር መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ የሚታየው ማርና ቅቤ የሚነሣው እንደኛ ካለው ደጋ አገር ነው። ከገጠር መጥተን ቤት ተከራይተን የምንማር ተማሪዎች ደግሞ ደብተራችን፣ ጫማችንና የቤት ኪራያችን የሚከፈለው በአብዛኛው እናቶቻችን ገፍተው ከሚሸጡት ቅቤና አባቶቻችን ከቀፎ ከሚቆርጡት ማር ነው። ስለዚህ የማርና የቅቤ ነገር የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም፤ የራሳችን ነው።

1. የልዩ መደብር አጀማመር በውጭ አገር

በለንደን ከተማ ፎርትነምና ሜሰን የሚባለው መደብር የተመሠረተው በ1707 ነው። እንደሚነገረው ከመሥራቾቹ አንዱ ዊልያም ፎርትነም በንግሥት አን ቤተ መንግሥት አገልጋይ ነበር። ንግሥቲቱ በየምሽቱ አዲስ ሻማ እንዲበራላቸው ይፈልጉ ስለ ነበር፣ ከሻማው የተረፈውን ሰም እየሰበሰበ በመሸጥ ገንዘብ አጠራቀመ ይባላል። መደብሩ ከጊዜ በኋላ በሻይ፣ በማርና በልዩ ልዩ ጣፋጭ ምግብ ታወቀ። ንብ ለምናረባ ሰዎች ይልቁንም የሚያስደንቀን ይህ መደብር በ2008 በዚያ በትልቅ ከተማ መካከል በሚገኘው ሕንጻው ጣራ ላይ ቀፎ ማስቀመጡ ነው።

በኢጣልያ ሚላኖ ከተማ ፔክ የተባለው መደብር ከፕራግ በመጣ ነጋዴ በ1883 ተጀመረ። በፓሪስም ፎሾን የተባለው መደብር በማድሌን አደባባይ በ1886 ሥራውን ጀመረ። የእነዚህ መደብሮች ልማድ አንድ ነው። ዕቃው ከየት አገር እንደ መጣ፣ ማን እንደ ሠራውና መቼ እንደ ተሠራ ለገዢው ይነገረዋል፤ መጥፎ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ስሙ የሚጎድፈው የመደብሩ ነው። ስለዚህ ገዢው ዋጋ የሚጨምረው ለምግቡ ብቻ አይደለም። «ይህ ነገር እንደ ተባለው ነው» ብሎ ለማመኑም ጭምር ነው። የዚህ ዓይነት መደብር ዋና ሸቀጡ እምነት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

2. የአዲስ አበባ መደብሮች

ፎሾን በፓሪስ በተከፈተበት በዚያው በ1886 አዲስ አበባ ተቆረቆረች። የመጀመሪያው ትልቁ ገበያዋ አራዳ ነበር። በዚያም ከኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ሌላ ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ዓረቦች ሱቅ ከፍተው ይነግዱ ነበር። በ1917 የምድር ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ አስቀድሞ በግመልና በበቅሎ ይመጣ የነበረው የባሕር ማዶ ዕቃ በብዛት ለመግባት ቻለ። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን ጣልያኖች የሕዝቡን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛውረው ዛሬ መርካቶ የሚባለውን ስፍራ ለገበያ መደቡ። ፒያሳም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ዘመን ነው።

ስለ ልዩ መደብር ሲነሣ በአዲስ አበባ ተደጋግሞ የሚጠራው ቶሞካ ነው። ይህ የቡና ቤት በፒያሳ የተከፈተው በ1953 ሲሆን፣ ስሙ «ዘመናዊ የቡና መቍያ» የሚል ትርጉም ካለው የጣልያንኛ አጠራር ተቀንሶ የተሰጠ ነው። ቡናውን እዚያው ቆልቶ፣ ገዢው እንደ ወደደው ፈጭቶ ይሸጣል፤ ቆሞ መጠጣት ለሚፈልግም ያፈላል። ጠቅላላው ንግዱ በአንድ ፍሬ፣ በቡና ላይ የቆመ ነው። በኋላ ጊዜ ደግሞ ባምቢስን የመሰሉ ሱፐርማርኬቶች የውጭ አይብና ልዩ ልዩ የታሸገ ምግብ በማቅረብ ታወቁ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም የቃል ታሪክ አለ። «ግሮሰሪ» የሚለው ቃል በውጭ አገር የምግብ ሸቀጥ የሚሸጥበት ሱቅ ማለት ነው፤ በአገራችን ግን ትርጉሙ ተለውጦ ሰዎች ቆመው ወይም ተቀምጠው የሚጠጡበት ቤት ሆኗል።

ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ልዩ የምግብ ንግድ የፈረንጅ ሥራ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። በመርካቶ በርበሬ ተራና እህል በረንዳ አሉ። ሾላ ገበያም በቅቤ፣ በአይብና በቅመም የታወቀ ነው። እዚያ የሚነግዱ እናቶች ቅቤን በሽታውና በመልኩ ለይተው ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል እያሉ ይሸጣሉ። ለምግብ የሚሆነውንና ለራስ የሚቀባውን ይለያሉ፤ ገዢዋም በጣቷ ጫፍ ነክታ ታሸትተዋለች፣ ትቀምሰዋለች። በመካከላቸው ጽሑፍ ወይም ማኅተም የለም፤ ያለው ደንበኝነት ነው። በአማርኛችን ሻጩ ገዢውን «ደንበኛዬ» ይለዋል፤ ገዢውም ሻጩን «ደንበኛዬ» ይለዋል። አንዱ ቃል ለሁለቱ የሚያገለግለው እምነቱ የሁለቱም ስለ ሆነ ይመስለኛል። የአገራችን ልዩ መደብር መሠረቱ ይህ ደንበኝነት ነው።

3. የቦታ ስም ዋጋ

የአገራችን ሰው ጥሩውን ምግብ በበቀለበት ቦታ ስም መጥራት ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ጤፍ ገዢ የአዳ ማኛ ይላል፤ በርበሬ ገዢ የማረቆ ይላል፤ ቅቤ ገዢ የሸኖ ይላል፤ ቡና የሚያውቅ ይርጋጨፌን ያነሣል። እነዚህ ስሞች የተገኙት በማስታወቂያ አይደለም፤ ለብዙ ዘመን ከቀመሰው ሰው አፍ ወደ ሌላው ጆሮ እየተላለፉ ነው።

ስም እንዴት ሀብት እንደሚሆን ከሚያስተምሩን ነገሮች አንዱ የቡናችን ጉዳይ ነው። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የተባሉት ስሞች የኢትዮጵያ የንግድ ምልክት ሆነው በአሜሪካ እንዲመዘገቡ አመለከተ። በዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ይህን ተቃወመ። ስታርባክስ ከተባለው ትልቅ የቡና ኩባንያም ጋር ክርክር ተነሣ፤ በመጨረሻ ግን በ2007 ስምምነት ተፈረመ። ክርክሩ ስለ ቡናው ፍሬ አልነበረም፤ ስሙ የማን ነው በሚለው ላይ ነበር።

በፈረንሳይ አገርም ሮክፎር የሚባል ትንሽ መንደር አለ። መሬቱ ድንጋያማ ነው፤ ሰዎቹ በግ ያረባሉ። ከበግ ወተት የሚሠሩትን አይብ ተራራው ሥር በሚገኝ ቀዝቃዛና እርጥብ ዋሻ ውስጥ ያሳድሩታል። በ1925 በወጣ ሕግ በዚያ ዋሻ ውስጥ ካልበሰለ በቀር ማንም አይቡን ሮክፎር ብሎ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ስለዚህ እህል በደንብ የማይበቅልበት ድንጋያማ ስፍራ ስሙን አጥብቆ በመጠበቁ ከምድሩ ያላገኘውን ከስሙ አገኘ።

እኛስ? ከቆሰበር፣ ከዳንግላና ከአካባቢው የሚወጣው ማርና ቅቤ በመኪና ተጭኖ፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። እዚያ ሲደርስ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ «የጎጃም» ይባላል። ጎጃም ሰፊ አገር ነው፤ ስሙም የተከበረ ነው። ነገር ግን ጥሩውን ያመጣውና መጥፎውን ያመጣው በአንድ ስም ሲጠሩ ጥሩ የሠራው ሰው ዋጋውን አያገኝም።

4. ማታለል ገበያን እንዴት ያጠፋል

በማር ውስጥ የስኳር ሽሮፕ፣ በቅቤ ውስጥ የአትክልት ቅቤ ወይም ሙዝ ቀላቅሎ የሚሸጥ ሰው እንዳለ ሁላችንም እንሰማለን። ብዙ ሰው ይህን እንደ ኃጢአት ብቻ ይቈጥረዋል፤ በእውነትም ኃጢአት ነው። ነገር ግን ከዚህ ሌላ የሚያስከትለው ጉዳት አለ።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉት አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1970 ባወጡት ጽሑፍ አንድ ነገር አስረዱ። ሻጩ የዕቃውን ጠባይ እያወቀ ገዢው ግን ለመለየት የማይችል ሲሆን መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣዋል። እሳቸው ምሳሌ ያደረጉት ያገለገሉ መኪናዎችን ነበር፤ በ2001ም የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆኑ። እኛ ምሳሌውን ወደ ማር እናምጣው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ገዢ ንጹሕ ማር መሆኑን ቢያውቅ በኪሎ 600 ብር ይከፍላል፤ የተቀላቀለ መሆኑን ቢያውቅ ግን ከ200 ብር አያልፍም እንበል። ሁለቱን መለየት ካልቻለ ግን ፈራ ተባ እያለ በመካከል 400 ብር ይሰጣል። ንጹሑን ያመጣው ገበሬ ድካሙና ወጪው 500 ብር ቢሆን በ400 ብር ሊሸጥ አይችልም፤ ስለዚህ ማሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቀላቅሎ ያመጣው ግን በ400 ብር ደስ ብሎት ይሸጣል። በሚቀጥለው ገበያ ንጹሕ ማር የሚያመጣ ሰው ያንሳል፤ ገዢውም ይህን ተረድቶ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል። እንዲህ እንዲህ እያለ በመጨረሻ በገበያው ላይ የሚቀረው የተቀላቀለው ብቻ ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው አንድ ሰው ማሩን በስኳር ሲያበዛ የሚሰርቀው ገዢውን ብቻ አይደለም። የጎረቤቱን ማር ዋጋ፣ የጎረቤቱን ልጅ ደብተር ጭምር ይሰርቃል። ልዩው መደብር የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ ለይቶ የሚያውቅና ስሙን የሚያስይዝ ሰው በገዢውና በገበሬው መካከል ሲቆም ንጹሑ ማር የንጹሕ ዋጋ ያገኛል።

5. ስለ ማር ማወቅ የሚገባን

ማር በአብዛኛው የሁለት ስኳሮች ቅልቅል ነው። ከመቶው 38 ያህሉ ፍሩክቶስ፣ 31 ያህሉ ግሉኮስ፣ 17 ያህሉ ውሃ ሲሆን፣ የቀረው ሌሎች ስኳሮችና ጥቂት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ንቦች ከአበባ የሚቀስሙት ወለላ ግን እጅግ ውሃ የበዛበት ነው። በክንፋቸው እያራገቡ ውሃውን ካተነኑ በኋላ የእንጀራውን አፍ በሰም ይከድኑታል። ይህ ክዳን «ማሩ ደርሷል» የሚል ምልክት ነው። ሳይከደን የተቆረጠ ማር ውሃው ይበዛል፤ ውሃው ከመቶ 20 ካለፈ በቀላሉ ይቦካል። ለዚህ ነው በዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ 20 ከመቶ እንደ ወሰን የተቀመጠው።

ማር ሲረጋ «ስኳር ገብቶበታል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህ ትክክል አይደለም። ግሉኮስ በብርድ ጊዜ ከውሃው ተለይቶ እንደ በረዶ ቅንጣት ይሆናል፤ ይልቁንም ሙቀቱ ወደ 14 ዲግሪ ሲጠጋ ፈጥኖ ይረጋል። እንደ ቆሰበር ባለ ብርዳም አገር ማር ቶሎ ቢረጋ ሊያስደንቀን አይገባም። የረጋውን ለማቅለጥ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ዕቃውን ማስቀመጥ ይበቃል፤ በእሳት ላይ ቢጣድ ግን መዓዛው ይጠፋል፣ ጠባዩም ይለወጣል።

ክብሪት ማር ውስጥ ነክሮ መጫር የተለመደ ፈተና ነው። ነገር ግን ክብሪቱ የሚነግረን ስለ ውሃው እንጂ ስለ ስኳሩ አይደለም፤ ወፍራም የስኳር ሽሮፕም ክብሪቱን ሊያስነድደው ይችላል። የውሃውን መጠን በትክክል የሚለካው ሪፍራክቶሜትር የሚባል በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ የተጨመረን ስኳር ለማግኘት ደግሞ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል።

የአገራችን ማር አብዛኛው የሚሄደው ወደ ጠጅ ነው። ጠጅ ጣይ ሰም፣ እጭና ሰፈፍ ቢቀላቀልበት ብዙ አይገደውም፤ ገበሬውም ስለዚህ ማሩን ለማጥራት አልተገፋፋም። በገበታ ላይ የሚቀርብ ማር ግን ሌላ ነው። የደረሰው እንጀራ ከእጭ ካለው ተለይቶ ይቆረጣል፤ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ ጭሱም እንዳይሸተት በልክ መሆን አለበት። በባሕላዊ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ፣ ፍሬም ባለው ዘመናዊ ቀፎ ግን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ያህል ይገኛል ተብሎ ይገመታል። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ ናት፤ በ2008ም ማሯን ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች እንድትልክ ተፈቀደላት። ስለዚህ በሩ ክፍት ነው፤ የሚጎድለው የሚያስገባ ጥራት ነው።

6. ስለ ቅቤ

አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ከ15 እስከ 20 ሊትር ያህል ወተት ያስፈልጋል። እናቶቻችን ወተቱን ቀን በቀን አጠራቅመው፣ እርጎ ሲሆን ይገፉታል። ቅቤው ከአሬራው ከተለየ በኋላ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በውስጡ የቀረው አሬራ ለጥቃቅን ሕዋሳት ምግብ ሆኖ ቅቤውን ፈጥኖ ያበላሸዋልና። በዓለም አቀፍ ደንብ ቅቤ ከመቶ 80 ያላነሰ ስብ ሊኖረው፣ ውሃውም ከመቶ 16 እንዳይበልጥ ያስፈልጋል። ውሃ የተጨመረበት ወይም ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ሲነጠር ይጋለጣል። የአትክልት ቅቤ የተቀላቀለበት ግን ሲነጠርም ስብ ስለ ሆነ በዓይን አይታወቅም። በላቦራቶሪ የሚታወቀው በወተት ስብ ውስጥ ቡቲሪክ አሲድ የሚባል ነገር ስላለና ይህም በአትክልት ዘይት ውስጥ ስለማይገኝ ነው።

ኮረሪማ፣ አብሽ፣ ኮሰረትና በሶብላ ገብቶበት የተነጠረ ቅቤ ውሃው ስለ ወጣለት ለብዙ ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል። ይህን ጥበብ እናቶቻችን በሳይንስ ስም ሳይጠሩት ያውቁታል። ለጋ ቅቤ በኮባ ተጠቅልሎ ረጅም መንገድ ሲጓዝ በሙቀቱ ይጎዳል፤ የተነጠረ ቅቤ ግን በንጹሕ ጠርሙስ ታሽጎ፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎበት ቢላክ በማናቸውም የከተማ መደብር ሊሸጥ የሚችል የተከበረ ዕቃ ይሆናል።

7. ምን ልናደርግ እንችላለን

አንደኛ፣ ጥሩውንና ተራውን ለይቶ መሸጥ ነው። የደረሰውን ማር ለገበታ፣ ሰፈፍ ያለውን ለጠጅ ማድረግ ለገበሬው ሁለት ዋጋ ያስገኝለታል።

ሁለተኛ፣ ዕቃውን ማክበር ነው። ዘይት ወይም ሌላ ነገር በነበረበት ጀሪካን ማር መያዝ የማሩን ሽታ ያበላሻል።

ሦስተኛ፣ መተባበር ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው አንድ ገበሬ መሣሪያና ጠርሙስ ለመግዛት ባይችል ማኅበር ይችላል። በባሕር ዳር የሚገኘው ዘምባባ የተባለው የንብ ውጤቶች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ለክልላችን ምሳሌ ነው።

አራተኛ፣ ስምን በሕግ ማስጠበቅ ነው። በ2006 የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 አንድ ማኅበር ለአባሎቹ ሁሉ የሚያገለግል የጋራ ምልክት እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። ነገር ግን ምልክት ከመመዝገቡ በፊት ምልክቱን ማን ሊጠቀምበት እንደሚገባ፣ ቀላቅሎ የተገኘም ምን እንደሚቀጣ በአባሎቹ መካከል መወሰን አለበት፤ ያለዚያ የሐሰተኛው ማር በጥሩ ስም መሸጫ ይሆናል።

ለእኛ ለተማሪዎችም ድርሻ አለን። በኬሚስትሪና በባዮሎጂ የተማርነው ለፈተና ብቻ አይደለም። የማርን መርጋት ምክንያት ለአባቱ፣ የቅቤን መታጠብ ጥቅም ለእናቱ በትሕትና ሊያስረዳ የሚችል ተማሪ ትምህርቱን በሥራ ላይ አዋለ ማለት ነው። እነርሱም የአበባውን ወራት፣ የንቡን ጠባይ፣ የግጦሹን ዓይነት ከመጽሐፍ በላይ ስለሚያውቁ ከእነርሱ የምንማረው ብዙ ነው።

በጠቅላላው የትልልቅ ከተሞች ልዩ የምግብ መደብሮች የሀብታም ጌጥ መስለው ቢታዩም፣ በመሠረታቸው ያለው ነገር ቀላል ነው፤ ዕቃውን ማወቅ፣ መለየት፣ እውነቱን መናገርና በስም መቆም ነው። ይህ ደግሞ ሕንጻና መስተዋት የሚጠይቅ አይደለም፤ በቆሰበር ገበያ ላይ በቅልና በእንስራ ሊጀመር ይችላል። አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ንጹሕ ማርም እንደዚሁ ነው፤ ስሙ እያደር ይጠራል።